አንድ ቃል የት ያበቃል? ዓረፍተ ነገርስ የት ይጀምራል?
ከመተማ ድንበር እስከ ቱርክኛ ሰዋስው

ከጎንደር ተነሥተን በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ ምዕራብ ቁልቁል ብንጓዝ፣ ደጋው ለቆላው ቦታውን እየለቀቀ ሄዶ በመጨረሻ መተማ ዮሐንስ ከተማ እንደርሳለን። ከከተማዋ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ትታያለች። በዚህች ስፍራ አገር ከአገር ይለያያል፤ መሬቱ ግን ያው መሬት ነው፤ ሰሊጡም ማሽላውም በሁለቱም ወገን ይበቅላል። ድንበሩን የሚያውቀው ሰው እንጂ አፈሩ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ሌላ ድንበር ነው፤ በቃልና በዓረፍተ ነገር መካከል ያለው ድንበር።

ለአብነት ያህል አንድ ሁኔታ እናስብ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ከእነዚህ መካከል የጎረቤቶቻቸውን ልጆች ይዘው የመጡ ባልና ሚስት በአንድ የምዝገባ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል እንበል። መዝጋቢው «የልጆቹን ስም አስመዘገባችሁላቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ባልየው በአንድ ቃል ይመልሳል፤ «አላስመዘገብንላቸውም።»

ይህ መልስ በጽሑፍ አንድ ቃል ነው፤ በውስጡ ክፍት ቦታ የለም። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን ስምንት ያህል ቃላት ይፈልጋል። ድርጊቱ አለ፤ ያላስፈጸሙት ሰዎች አሉ፤ ሳይፈጸምላቸው የቀሩት ልጆች አሉ፤ አሉታውም አለ። ታዲያ ይህ ቃል ነው ወይስ ዓረፍተ ነገር? ጥያቄው የሰዋስው መምህራን ጨዋታ ብቻ ሊመስል ይችላል። ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ እንደምናየው ግን የሰው ጤናም በመልሱ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

የቱርክኛ ዶቃዎች

ይህን ጉዳይ ለማስረዳት የቋንቋ ሊቃውንት አዘውትረው የሚጠቅሱት ቱርክኛን ነው። ቱርክኛ ቃላቱን የሚሠራው በክር ላይ ዶቃ እንደሚሰካ ሰው ነው። መጀመሪያ ግንዱ ይቀመጣል፤ ከዚያም ቅጥያዎች አንድ በአንድ ከኋላው ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ቅጥያ በአብዛኛው አንድ ትርጉም ብቻ ይይዛል።

«ኤቭ» ማለት ቤት ነው። «ኤቭሌር» ቤቶች፣ «ኤቭሌሪሚዝ» ቤቶቻችን፣ «ኤቭሌሪሚዝዴ» በቤቶቻችን ማለት ይሆናል። እስከዚህ ድረስ አማርኛም አይሸነፍም፤ «በቤቶቻችን» ስንል እኛም በአንድ ቃል ጨርሰናል። ቱርክኛ ግን በዚህ አይቆምም። «ኪ» የምትባል ቅጥያ ስትጨመር በስፍራ ላይ ያለው ነገር ራሱ እንደገና ስም ይሆናል፤ ስም ከሆነ ደግሞ እንደገና ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ «ኤቭሌሪሚዝዴኪሌር» ማለት በቤቶቻችን ያሉት ሰዎች ማለት ነው። ከዚህ በላይ ሁለት ቅጥያዎች ሲሰኩ «ኤቭሌሪሚዝዴኪሌርዴንሲኒዝ» ይሆናል፤ ትርጉሙም «በቤቶቻችን ካሉት ሰዎች መካከል ናችሁ» ነው። በ«ቤት» የጀመረው ቃል ማንም ሳያቋርጠው ዓረፍተ ነገር ሆኖ ዐረፈ።

ቱርክኛ ዶቃዎቹ የአንድ ክር መሆናቸውን የሚያሳውቅበት ምልክት አለው። ይህም የአናባቢዎች ስምምነት ይባላል። የቅጥያው አናባቢ ከፊቱ ያለውን አናባቢ ጠባይ ይከተላል። «ኤቭ» ሲበዛ «ኤቭሌር» ይሆናል፤ «ኦኩል» (ትምህርት ቤት) ሲበዛ ግን «ኦኩልላር» ይሆናል እንጂ «ኦኩልሌር» አይባልም። ስለዚህ ጆሮ ብቻ ቃሉ እስከ የት እንደሚዘልቅ ሊያውቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን አስቸጋሪ ነገር ይገጥመናል። ጥያቄ ሲሆን «ሚ» የምትባል ንኡስ ቃል ትጨመራለች። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1928 በተቀበለችው የላቲን ፊደል በሚሠራበት የዛሬው አጻጻፍ «ሚ» ከፊቷ ካለው ቃል ተለይታ ትጻፋለች። አናባቢዋ ግን ከፊቷ ያለውን ቃል መከተሉን አያቆምም። ዓይን ሁለት ቃላት ያያል፤ ጆሮ አንድ ቃል ይሰማል። እንግዲህ ቃልን የሚወስነው ማነው? ዓይን ነው ወይስ ጆሮ?

ቢምባሺና ሻለቃ

ይህ ግርታ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሱዳን በኩል የነበረው የቱርክና የግብፅ አስተዳደር የጦር ማዕረጎቹን በቱርክኛ ይጠራ ነበር። ከማዕረጎቹ አንዱ «ቢምባሺ» ነው። ስሙ በኋላም በእንግሊዝና ግብፅ ዘመን ሱዳን ውስጥ ቀጥሎ፣ ገላባትና መተማ የጦር ሜዳ በሆኑበት እ.ኤ.አ. በ1940 እንኳ በሱዳን መከላከያ ጦር ይሠራበት ነበር።

ቃሉን እንፍታው። በቱርክኛ «ቢን» ሺህ ነው፤ «ባሽ» ራስ ወይም አለቃ ነው፤ የመጨረሻዋ አናባቢ ደግሞ «የእርሱ» ዓይነት አያያዥ ናት። ሲጠቃለል «የሺህ አለቃ» ይሆናል። የእኛስ «ሻለቃ» ምንድን ነው? «ሺህ» እና «አለቃ» ናቸው፤ ከመላመድ ብዛት ተዋሕደው አንድ ቃል ሆነዋል። በቱርክኛ «ዩዝባሺ» የመቶ አለቃ፣ «ኦንባሺ» የአሥር አለቃ ማለት ሲሆኑ ሁለቱም አንድ አንድ ቃል ሆነው ይጻፋሉ። በአማርኛ ግን «መቶ አለቃ» እና «አሥር አለቃ» እስከ ዛሬ በሁለት ቃል ይጻፋሉ። ሦስቱ የአማርኛ ማዕረጎች አሠራራቸው አንድ ነው፤ አንዱ ብቻ ድንበሩን ተሻግሯል። ከዚህ የምንረዳው ቃልነት በአንድ ቀን የሚገኝ ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚደረስበት ሁኔታ መሆኑን ነው።

የአማርኛ ድርና ማግ

አሁን ወደ ምዝገባው ጠረጴዛ እንመለስና የባልየውን መልስ እንበትነው።

«አል» አሉታን ያመለክታል። «አስ» ድርጊቱን በሌላ ሰው ማስፈጸምን ያሳያል። «መዘገብ» ግንዱ ነው። «ን» ባለቤቱን፣ ማለትም «እኛ»ን ይነግረናል። «ል» «ለ» የሚለው መስተዋድድ ነው። «ኣቸው» እነርሱን ያመለክታል። በመጨረሻ የምትገኘው «ም» ደግሞ አሉታውን ትዘጋለች። በድምሩ ሰባት ቁራጮች ናቸው።

ይሁን እንጂ አማርኛ ዶቃ ብቻ አይሰካም፤ ይሸምናልም። «መዘገብ» ያልነው ግንድ ራሱ ከሁለት ነገሮች የተሠራ ነው። «ም-ዝ-ግ-ብ» የሚሉት ተነባቢዎች ድሩ ናቸው፤ በመካከላቸው የሚገቡት አናባቢዎች ማጉ ናቸው። ድሩ የምዝገባን ሐሳብ ይሰጣል፤ ማጉ ደግሞ ድርጊቱ አልቋል ወይስ አላለቀም የሚለውን ይወስናል። «መዘገብን» እና «እንመዘግባለን» አንድ ድር፣ ሁለት ማግ ናቸው። በዚህ ረገድ አማርኛ ከቱርክኛ ይልቅ ለሴማውያን ዘመዶቹ ለግዕዝና ለዐረብኛ የቀረበ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሽመና ምን ያህል ቃላት እንደሚያስገኝ ለመገመት ቀላል ስሌት እንሥራ። የአክብሮቱን መደብ ትተን ባለቤቶች 8 ናቸው። ተሳቢዎችም 8 ሲሆኑ በሦስት መንገድ ይያያዛሉ፤ በቀጥታ (መዘገበው)፣ በ«ለ» (መዘገበለት) እና በ«በ» (መዘገበበት)። ይህ 24 ነው፤ ያለ ተሳቢ የሚነገረው ሲጨመር 25 ይሆናል። 8 በ25 ሲባዛ 200፤ አዎንታና አሉታ ሲታሰብ 400፤ «መዘገበ» እና «አስመዘገበ» ሲለዩ 800። ከዚያም ቃሉ ብቻውን ሊቆም ወይም «ከ»፣ «የ»፣ «ስለ» እና «እንደ» ሊቀድሙት ይችላሉ፤ ስለዚህ 800 በ5 ሲባዛ 4,000 ይሆናል። ጥቂቶቹ ጥምረቶች በአገልግሎት ላይ ባይውሉም፣ ይህ ሁሉ የተገኘው ከአንድ ግሥ የኃላፊ ጊዜ ብቻ ነው። መዝገበ ቃላት ይህን ሁሉ ቢዘረዝር መጽሐፉን የሚሸከመው ሰው አይገኝም። አባቶቻችን የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግሡን በዘሩ ሥር ያስቀመጡት ስለዚህ ነው። የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመው ታላቅ ሥራ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይባላል፤ «የአማርኛ» የሚሉት ሁለት ቁራጮች በርእሱ ላይ ተዋሕደው «ያማርኛ» እንደሆኑ ልብ ይሏል።

ቃል ምንድን ነው? ሦስት መፈተኛዎች

ቃልን ለመለየት ሦስት መፈተኛዎች ይቀርባሉ። ሦስቱንም በአማርኛ እንሞክራቸው።

የመጀመሪያው ትርጉም ነው፤ «ቃል ማለት አንድ ሐሳብ የያዘ ነው» ይባላል። ነገር ግን «ዝም አለ» አንድ ሐሳብ ሆኖ ሳለ በሁለት ቃል ይጻፋል፤ «አላስመዘገብንላቸውም» ደግሞ ብዙ ሐሳብ ይዞ አንድ ቃል ነው። መፈተኛው ወደቀ።

ሁለተኛው ድምፅ ነው፤ «ቃል ማለት በአንድነት የሚነገር ነው» ይባላል። «ይነግረኛል» የሚለውን እንመልከት። በአንድነት ይነገራል፣ በአንድነትም ይጻፋል። ሆኖም «ኝ» የምትባለው ተሳቢ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መካከል ገብታ ተቀምጣለች። ለምን? ምክንያቱም ቃሉ በጥንቱ አሠራር «ይነግረኝ» እና «አለ» ነበር፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ ተሳቢዋ በነበረችበት ቦታ ቀርታለች። እንግዲህ «ኝ» የጥንቱን ድንበር የምታሳይ ችካል ናት። «መጥቶአል» እና «መጥቷል» እያልን በአጻጻፍ የምንከራከረውም በዚሁ ድንበር ላይ ቆመን ነው።

ሦስተኛው ስፍራ ነው፤ «የቃል ቁራጮች እርስ በርሳቸው አይለያዩም፤ በመካከላቸውም ሌላ ቃል አይገባም» ይባላል። «ከቤት ወጣ» ስንል «ከ» የ«ቤት» ቁራጭ ትመስላለች። «ከትልቁ ቤት ወጣ» ስንል ግን «ከ» ቤቱን ትታ ከ«ትልቁ» ጋር ተጣበቀች። ሰውየው የወጣው ከቤቱ እንጂ ከትልቅነቱ አይደለም። ስለዚህ «ከ» በትርጉም የመላው ሐረግ ናት፤ በድምፅ ግን ራሷን ችላ መቆም ስለማትችል ያገኘችውን ጎረቤት ትደገፋለች። የቋንቋ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ነገር ሙሉ ቃልም ቅጥያም ሳይሉ «ጥገኛ ቃል» በሚል በመካከል ያስቀምጡታል።

የቀረን መፈተኛ ጽሕፈት ነው። በብራና መጻሕፍት ቃል ከቃል በሁለት ነጥብ ይለይ ነበር፤ የጽሕፈት መኪናና ኮምፒዩተር ከተስፋፉ ወዲህ ቦታውን ክፍት ስፍራ ወርሶታል። ይሁንና ሁለት ነጥቡን የት እንደሚያኖር የወሰነው ጸሐፊው ነው፤ እርሱም የተከተለው ጆሮውንና ልማዱን ነው። «ስለ እኛ» እና «ስለእኛ» እስከ ዛሬ ሁለቱም የሚጻፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ድንበሩ ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ግርታው የመጣው ቃልንና ዓረፍተ ነገርን በአንድ ሚዛን በመመዘናችን ነው። ቃል የቅርጽ መለኪያ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ደግሞ፣ ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው፣ የነገር ማረፊያ ነው። ስለ አንድ ባለቤት አንድ ነገር ተነግሮ ሲያርፍ ዓረፍተ ነገር ሆነ እንላለን፤ ቃላቱ አንድ ይሁኑ አሥር። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ ሁለቱ መለኪያዎች በአንድ ቦታ ሊገጥሙ ይችላሉ። ሁልጊዜ ግን አይገጥሙም። «አላስመዘገብንላቸውም» ያርፋል። «ካላስመዘገብንላቸው» ግን አያርፍም፤ ሰሚው «ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠብቃል። «ያላስመዘገብንላቸው» ደግሞ ጭራሽ ስም ሆኗል፤ «ያላስመዘገብንላቸውን ጥራ» ልንል እንችላለን። ከፊት «ከ» ወይም «የ» ስትመጣ ከኋላ «ም» ትሄዳለች። ትንሿ «ም» እንግዲህ በአሉታ ግሥ ላይ የማሰሪያ አንቀጽ ማኅተም ናት ማለት ነው።

አንዲት «ላ» ምን ታመጣለች?

በመተማና በአካባቢው ቆላ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። ተሸካሚዋ የአሸዋ ዝንብ ስትሆን በጥቁሩ የዋልካ አፈር ስንጥቆችና በግራር ዛፎች አካባቢ ትገኛለች። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርዱ ሠራተኞች በሜዳ ስለሚያድሩ በብዛት ይጋለጣሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የጣፊያ ማበጥ ምልክቶቹ ሲሆኑ፣ ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል።

አሁን ለሠራተኞች በስልክ የሚላክ የጤና መልእክት እናስብ። «ካስመረመራችሁ» እና «ካላስመረመራችሁ» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት በቃሉ ሆድ ውስጥ ያለች አንዲት «ላ» ናት። አንዱ ምርመራ ያደረገውን፣ ሌላው ያላደረገውን ይመለከታል። በብዙ ቋንቋዎች አሉታ ራሱን ችሎ የሚቆም ቃል ስለሆነ ዓይን በቀላሉ ያገኘዋል፤ በአማርኛ ግን በመካከል ተሸሽጎ ይቀመጣል። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ሊያልፈው ይችላል።

ለኮምፒዩተር ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ጽሑፍ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ቃላትን ለማቀራረብ ቅጥያዎችን ቆርጠው የመጣል ልማድ አላቸው። ሁለቱን ቃላት እንዲህ ብንቆርጣቸው ሁለቱም «መረመረ» ይሆናሉ፤ አሉታው ከቅጥያው ጋር ተጣለ ማለት ነው። የባሰም አለ። «ካላ» የሚለውን ሁሉ «ከ» እና «አል» ነው ብሎ የሚቆርጥ ፕሮግራም «ካላዛር» ሲያገኝ ምን ያደርጋል? «ካላ»ን ጥሎ «ዛር» ያስቀራል። የበሽታው ስም ከህንድ አገር የመጣና «ጥቁር በሽታ» ማለት መሆኑን፣ ከእኛ ዛር ጋርም ዝምድና እንደሌለው ማሽኑ በምን ያውቃል?

በቃሉ ላይ የጽሕፈታችን ጠባይም ይጨመርበታል። ፊደላችን የድምፅ መጥበቅን አያሳይም። «ይሰማል» ላልቶ ሲነበብ እርሱ ራሱ ይሰማል፤ «ሰ» እና «ማ» ጠብቀው ሲነበቡ ግን ድምፁ በሌሎች ዘንድ ይሰማል ማለት ነው። አንዱ አድራጊ፣ ሌላው ተደራጊ ነው፤ በወረቀት ላይ ግን ልዩነት የላቸውም።

ስለዚህ የአማርኛን ቃል ለማሽን ለማስተማር መቁረጥ ሳይሆን መፍታት ያስፈልጋል። ማይክል ጋሰር የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2011 ያስተዋወቁት «ሆርንሞርፎ» የተሰኘ ፕሮግራም የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን ወደ ዘርና ቅጥያ በመፍታት ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን ለይቶ ያሳያል። በቅርብ ዓመታት የተስፋፉት የቋንቋ ሞዴሎች ደግሞ ጽሑፍን የሚቆራርጡት በሰዋስው ሳይሆን አዘውትረው አብረው በሚገኙ ፊደላት ነው። የአማርኛ ጽሑፍ በመረጃ ክምችታቸው ውስጥ ጥቂት ስለሆነ ቃሎቻችን ብዙ ጊዜ ያለ ቦታቸው ይሰበራሉ። የእጅ ስልክ መልእክት እንኳ በላቲን ፊደል 160 ሆሄያት ሲይዝ በእኛ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል። እርግጥ ነው፣ ዓረፍተ ነገርን በአንድ ቃል የሚጨርስ ቋንቋ ከዚህ ጉዳት ጥቂቱን ያካክሳል።

የጎረቤት ቋንቋዎች

በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚሰማው አማርኛ ብቻ አይደለም። ከገላባት በኩል የሚመጣው ዐረብኛ፣ በመደበኛው አነጋገር፣ «ወሰየክቱቡነሃ» ሲል «እናም ይጽፉዋታል» ማለቱ ነው፤ ይህም በአንድ ቃል የተነገረ ዓረፍተ ነገር ነው። በቋራና በመተማ ቆላዎች የሚኖሩት የጉሙዝ ሕዝብ ቋንቋ ሌላ መንገድ ይከተላል። ኮሊን አህላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረቡት የጉሙዝ ሰዋስው እንደተብራራው፣ በጉሙዝኛ የአካል ክፍል ስሞች ከግሡ ጋር ይዋሐዳሉ። እኛም «እጅ ሰጠ»፣ «ጆሮ ሰጠ» እንላለን፤ የእኛዎቹ እጅና ጆሮ ግን ከግሡ ውጭ ቆመው ቀርተዋል፤ በጉሙዝኛ ግን እንዲህ ያሉ ስሞች ደጃፉን አልፈው ገብተዋል።

በስተ ምሥራቅ በጭልጋና በአካባቢው ደግሞ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ቅማንትነይ አለ። የአገው ቋንቋዎች ግሡን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያኖራሉ፤ ቅጥያንም በብዛት ከኋላ ይሰካሉ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ የማሳረፉን ልማድ ከእነዚህ ኩሻዊ ጎረቤቶቹ እንደወሰደ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ዘለዓለም ልየው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ግን ቅማንትነይ ከአረጋውያን ወደ ልጆች መተላለፉን አቁሞ በመጥፋት ላይ ነው። አንድ ቋንቋ ሲጠፋ የሚጠፋው የስሞች ዝርዝር ብቻ አይደለም። «ቃል ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሰዎች ለብዙ ዘመን ሲሰጡት የኖሩት አንድ መልስም አብሮ ይቀበራል።

ማጠቃለያ

በመተማ ድንበር ላይ ችካል ማቆም ይቻላል፤ ያስፈልጋልም። ገበሬውም ነጋዴውም ድንበሩን ያውቁታል፣ ያከብሩታል። ያም ሆኖ ውኃውና ዝናቡ ይሻገሩታል። በቃልና በዓረፍተ ነገር መካከል ያለው ድንበርም እንዲሁ ነው። መምህር ለማስተማር፣ ጸሐፊ ለመጻፍ፣ ማሽን ለመቁጠር ያስፈልጋቸዋል። ቋንቋው ግን የሚኖረው በሁለቱም ወገን ነው።

የምዝገባው ጠረጴዛ ጉዳይም አልተዘጋም። «አላስመዘገብንላቸውም» የሚለው ቃል ሰባቱም ቁራጮች በትክክል ከተሰሙ መዝጋቢው አዲስ መስመር ከፍቶ የልጆቹን ስም ይጽፋል። አንዷ ብቻ ካመለጠችው ልጆቹ እንደተመዘገቡ ቆጥሮ ወደ ተረኛው ያልፋል።